ነጥብ የማይጻፍለት ሥራ፦ የተከላካዩ ሉኦል ዴንግ የሥራ ዘመንና ለእኛ ክፍል የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ተመልክተን ነበር። ተማሪው ስድሳ ነው፤ ኳሷ ግን አንዲት ናት። ቅርጫቱ መረብ ባይኖረውም ብረቱ አለ። መምህሩ ፊሽካ ሲነፋ አራት አምስት ረጃጅም ልጆች ኳሷን ይዘው ተቀባበሉ፣ ወረወሩ፣ አስገቡ። የቀሩት ቆመው ያያሉ። በመጨረሻ መዝገቡ ወጣና ላስገባ አሥር፣ ለሞከረ ሰባት፣ ለቀረው አምስት አምስት ታደለ።

ከእነዚያ አምስት ከተሰጣቸው መካከል አንዲት አጠር ያለች ልጅ ነበረች። ኳስ አልደረሳትም። ሆኖም ሳትታዘዝ ወደ ሜዳው ገብታ በአጥቂውና በቅርጫቱ መካከል ትቆማለች፤ እሱ ወደ ቀኝ ሲል ቀድማ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲል ቀድማ ግራ ነች። ልጁ ሦስት ጊዜ መንገድ አጥቶ ኳሷን ለሌላ ሰጠ። ይህ ሁሉ ታዲያ የት ተጻፈ? የትም አልተጻፈም።

ይህን የምናነሣው መምህሩን ለመውቀስ አይደለም። እኛም በቦታው ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር። ቅርጫት ኳስ ሲባል ለብዙዎቻችን መወርወርና ማስገባት ብቻ ነው። የጨዋታው ግማሽ ግን መከላከል ነው፤ ይህንንም ግማሽ ሙያው አድርጎ ስም ያተረፈ ሰው ከጎረቤታችን ወጥቷል። ሉኦል ዴንግ ይባላል። የተወለደው ከደቡብ ኦሞ በስተምዕራብ በምትጎራበተን በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ነው። የኛንጋቶም ወገኖቻችን ከድንበሩ ማዶ ካሉት ቶፖሳዎች ጋር በቋንቋ እንደሚቀራረቡ እናውቃለን፤ ስለዚህ የምናወራው ስለ ሩቅ ሰው አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የተከላካዩን የሥራ ዘመን ከነአስተማሪው እናያለን፤ ቀጥሎም አንዲት ኳስና ስድሳ ተማሪ ይዞ ለሚቆም መምህር ምን እንደሚጠቅም እንመረምራለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

1. ጨዋታው የአስተማሪ ፈጠራ ነው

ቅርጫት ኳስ የተፈጠረው እንደ እኛ ባለ ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። ጊዜው ዲሴምበር 1891፣ ቦታው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የስፕሪንግፊልድ ከተማ ነበር። በዚያ የወወክማ ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ነበር። ጄምስ ናይስሚዝ የተባለው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በብርዱ ምክንያት ከቤት ውጭ መጫወት ያልቻሉ፣ የአዳራሹም ጂምናስቲክ ያሰለቻቸው 18 ሠልጣኞች ተሰጡት። መምህሩ የኮክ ፍሬ የሚለቀምባቸውን ሁለት ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ አስቸነከረ፣ 13 ደንቦች ጻፈ፣ ልጆቹን ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ አጋጠማቸው። ያ የመጀመሪያ ጨዋታ በ1 ለ0 እንዳለቀ ይነገራል። የቅርጫቱ ከፍታ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ከደንቦቹ አንዱ ለርዕሳችን ቁልፍ ነው። ተጫዋች ተቃራኒውን በትከሻ መግፋት፣ መያዝ፣ መጥለፍም ሆነ መምታት ተከለከለ። እንግዲህ አስቡት፤ መግፋትና መያዝ ከተከለከለ ተከላካይ በምን ይከላከል? በእግሩና በአቋቋሙ፣ እንዲሁም የሌላውን ሐሳብ ቀድሞ በመረዳት ብቻ ነው። ስለዚህ የመከላከል ጥበብ ከዚሁ ክልከላ ተወለደ ማለት ይቻላል። ጉልበተኛ ሁሉ ተከላካይ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

2. መዝገብ ያልያዘው

ነጥብ ገና ከጅምሩ ይቆጠር ነበር። መከላከል ግን ለብዙ ዘመን ቆጣሪ አላገኘም። ኤንቢኤ በሚባለው የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ የታገደ ኳስና የተነጠቀ ኳስ በይፋ መቆጠር የጀመረው በ1973–74 የውድድር ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የቦስተኑ ቢል ራስል ከ1956 እስከ 1969 በ13 የውድድር ዘመን 11 ጊዜ ከቡድኑ ጋር ሻምፒዮን ሆኗል። ራስል ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በመከላከሉ ነው። ኳስ ሲያግድ ለጭብጨባ ብሎ ወደ ተመልካች አይመታትም፤ ከሜዳ ሳትወጣ ወደ ጓደኞቹ ያደርሳት ነበር። ስንት አገደ ብንል ግን በሊጉ መዝገብ ውስጥ የሰፈረ ድምር የለም፤ ምክንያቱም በጊዜው የሚቆጥር አልነበረም።

ይህን ነገር መምህር የሆነ ሰው በቀላሉ ሊያልፈው አይገባም። ያልተቆጠረ ሥራ ያልተሠራ ይመስላል። የእኛም መዝገብ እንዲሁ ነው፤ ዓምድ ያላበጀንለት ችሎታ በክፍላችን ውስጥ እንደሌለ ይቆጠራል።

3. አስተማሪው፦ ማኑት ቦል

የዴንግን ነገር ከማንሣታችን በፊት አስተማሪውን እንወቅ። ማኑት ቦል በ1962 ገደማ በደቡብ ሱዳን ከዲንካ ቤተሰብ ተወለደ፤ በልጅነቱም ከብት ጠባቂ ነበር። በመጀመሪያ እግር ኳስ ይጫወት ነበር፤ ቁመቱ አላሠራው ሲል በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ቅርጫት ኳስ ዞረ፣ በዋውና በካርቱምም ተጫወተ። የተለካ ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሱዳንን ቡድን ያሠለጠነ አንድ አሜሪካዊ ወደ አገሩ እንዲሄድ አግባባው። በዚያም እንግሊዝኛን መማር ነበረበት፤ በ1984–85 በኮኔቲከት ግዛት ለብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፣ በ1985 ደግሞ የዋሽንግተን ቡድን ወሰደው።

በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 397 ኳሶች አገደ። አዲስ ገቢ ተጫዋች ከዚያ በላይ ያገደበት ጊዜ የለም። በዚያው ዓመት፣ በ1986፣ በሊጉ ሁለተኛ የተከላካዮች ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ። በሥራ ዘመኑ በ624 ጨዋታዎች 2,086 ኳሶች ሲያግድ ያስቆጠረው ነጥብ 1,599 ነው። ከነጥቡ ያገደው ይበልጣል! ለዚህ ሰው ማገድ የዋና ሥራው ትርፍ ሳይሆን ራሱ ዋናው ሥራ ነበር።

አንባቢ ግን «ቁመቱ እኮ ነው» ሊለን ይችላል፤ እውነት ነው። ቦል ቀጭን ስለነበር በትከሻ የሚገፉት ብዙዎች ነበሩ፤ መቼ እጁን እንደሚያነሣ ማወቁም የራሱ ችሎታ ነው። ሆኖም ያ ቁመት ባይኖር ያ መዝገብ አይኖርም። ቁመት ደግሞ ለተማሪ አይተላለፍም። ቦል ገንዘቡንና ጊዜውን ለተሰደዱት ወገኖቹ ሰጠ፣ በኋላም በትውልድ አካባቢው ትምህርት ቤት ለማሠራት ሲደክም ቆይቶ በጁን 2010 በ47 ዓመቱ አረፈ። ለእኛ ለመምህራን ግን ትልቁ ውርሱ ከዚያ በፊት፣ በስደት አገር በግብፅ ያስተማራቸው ልጆች ናቸው።

4. ተማሪው፦ ሉኦል ዴንግ

ሉኦል ዴንግ በ1985 ዋው ከተማ ተወለደ። ሁለተኛው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ከተነሣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቱ በመንግሥት ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰው ሲሆኑ ቤተሰቡን ከጦርነቱ ለማራቅ ወደ ግብፅ አሸሹት። በዚያ ከማኑት ቦል ጋር ተገናኙ። ቦል የሉኦልን ታላቅ ወንድም አጁን ቅርጫት ኳስ አስተማረው፤ ለትንሹም መካሪው ሆነ። ቀጥሎ ቤተሰቡ በእንግሊዝ አገር ጥገኝነት አግኝቶ በደቡብ ለንደን በብሪክስተን ሰፈር ኖረ። ሉኦል በ14 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒው ጀርሲ ግዛት ብሌር አካዳሚ ገባ፤ ከዚያም በዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተጫውቶ በ2004 በኤንቢኤ ምርጫ ሰባተኛ ሆኖ ተመረጠና ወደ ቺካጎ ቡልስ ተዛወረ።

ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ በእኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነው፤ በዚያ ሊግ ግን ለክንፍ ተጫዋች የተለመደ ቁመት ነው። እንግዲህ አስተማሪው በቁመት ሲከላከል ተማሪው በሌላ ነገር መከላከል ነበረበት። በምን? በእግር፣ በትንፋሽ፣ በቦታ አያያዝ።

የክንፍ ተከላካይ ሥራ ከባድ የሚሆንበት ምክንያት አለው። በየቡድኑ ብዙ ነጥብ የሚያስቆጥሩት ብዙ ጊዜ የክንፍ ተጫዋቾች ስለሆኑ ዴንግ በየምሽቱ የሚገጥመው የተቃራኒውን አውራ ነበር። አውራውን ደግሞ ፈጽሞ ማስቆም አይቻልም። የሚቻለው ከሚወደው ቦታ ሁለት እርምጃ ማራቅ፣ በሚጠላው እጁ እንዲጫወት ማስገደድ፣ ሲወረውርም እጅ ከፊቱ መዘርጋት ነው። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ይህን ያለማቋረጥ የሠራ ሰው ለቡድኑ ብዙ ነጥብ አድኗል፤ ሆኖም «የዳነ ነጥብ» የሚል ዓምድ የለም።

በ2010 ቶም ቲቦዶ የተባለ አሠልጣኝ ወደ ቺካጎ መጣ። የዚህ ሰው ትምህርት በጥቅሉ እንዲህ ነበር። ኳስ የያዘውን አጥቂ ወደ መሐል አታስገባው፤ ወደ ሜዳው ጠርዝ ግፋው፤ ጠርዙ እንደ አንድ ተጨማሪ ተከላካይ ያገለግልሃል። ጓደኞችህም ኳሱ ወዳለበት ወገን ይጠጋሉ። አንዱ ቢታለፍ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይኸው ነው። በ2010–11 ቺካጎ ከ82 ጨዋታዎች 62 አሸነፈ። በምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ላይ ማያሚን ገጠመ፤ ዴንግ ሌብሮን ጄምስን እንዲይዝ ተመደበ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ቺካጎ አሸነፈ፤ ቀጥሎ ግን አራቱን ተከታትሎ ተሸነፈ። ይህን መደበቅ አይገባም። ጥሩ ተከላካይም ይሸነፋል፤ ሥራው ሽንፈትን ማስቀረት ሳይሆን ውድ ማድረግ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2011–12፣ ዴንግ በሊጉ ሁለተኛ የተከላካዮች ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ፤ ልክ አስተማሪው ቦል ከ26 ዓመት በፊት እንደገባው። አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። በዚያ ዓመት በአንድ ጨዋታ በአማካይ የነጠቀው 1 ኳስ፣ ያገደው ከ1 በታች ነው። ቦል በመጀመሪያው ዓመት በየጨዋታው 5 ገደማ ሲያግድ ነበር። ታዲያ ዴንግን በምን መረጡት? መራጮቹ በዚያን ጊዜ የየቡድኑ ዋና አሠልጣኞች ነበሩ፤ የራሳቸውን ተጫዋች እንዳይመርጡም ደንቡ ይከለክላቸው ነበር። ስለዚህ ዴንግን የመረጡት አውራዎቻቸው በእሱ የተቸገሩባቸው ተቃራኒዎቹ ናቸው። ቁጥር ያላየውን የባለሙያ ዓይን አየው ማለት ነው።

ሰውየው ማጥቃት የማያውቅ እንዳይመስለን። በ2006–07 በየጨዋታው በአማካይ ወደ 19 ነጥብ ያስቆጥር ነበር፤ በ2007 የሊጉን የስፖርታዊ ጨዋነት ሽልማት አገኘ፣ በ2012 እና በ2013 ደግሞ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። መከላከልን የመረጠው ማጥቃት ስላቃተው አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። የኤንቢኤ ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው። ዴንግ በ2011–12 በአማካይ 39.4 ደቂቃ፣ በ2012–13 ደግሞ 38.7 ደቂቃ ተጫውቷል፤ በሁለቱም ዓመት ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ የበለጠ ነው። በ2012 የግራ አንጓው ጅማት ተቀደደ። ቀዶ ሕክምናውን ትቶ ዓመቱን ጨረሰ፤ በዚያው በጋ በለንደን ኦሊምፒክ ለብሪታንያ ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ በ2014 ወደ ክሊቭላንድ፣ ቀጥሎም ወደ ማያሚ፣ ሎስ አንጀለስና ሚኒሶታ ተዘዋወረ። በሎስ አንጀለስ በ2017–18 የተሰለፈው በአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። በ2019 በ34 ዓመቱ የቺካጎ ተጫዋች ሆኖ በክብር ተሰናበተ። የትጋቱ ዋጋ በሰውነቱ ላይ ወጣ ብንል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

5. ተማሪው በተራው አስተማሪ ሲሆን

ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር የሆነችው በጁላይ 2011 ነው። ዴንግ ከጨዋታ ከወጣ በኋላ የአገሪቱን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መራ፤ ከወጪውም ብዙውን ከራሱ ኪስ ሸፈነ። ጣሪያ ያለው የመጫወቻ አዳራሽ በአገሪቱ ስላልነበረ ቡድኑ በሌላ አገር ይለማመድ ነበር። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ እንደ ፕሬዚዳንታቸው በስደት ያደጉ ልጆች ነበሩ።

ይህ ቡድን በ2023 የዓለም ዋንጫ ላይ ቻይናን 89 ለ69፣ አንጎላን 101 ለ78 አሸነፈና ከአፍሪካ ቡድኖች የተሻለ ውጤት አግኝቶ ለፓሪስ ኦሊምፒክ አለፈ። በጁላይ 2024 ለንደን ላይ በተደረገ የመለማመጃ ጨዋታ አሜሪካን በመጀመሪያው አጋማሽ በሰፊ ልዩነት ሲመራ ቆይቶ 101 ለ100 ተሸነፈ። ሰዓቱ ሊያልቅ ስምንት ሰከንድ ገደማ ሲቀር የማሸነፊያዋን ኳስ ያስገባው ማን ነው? ያው ሌብሮን ጄምስ ነው፤ ዴንግ በ2011 ሲያሳድደው የነበረው። በኦሊምፒኩ ግን ቡድኑ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸንፎ በኦሊምፒክ የመጀመሪያ ድሉን አገኘ።

ቦል ሁለት ልጆችን መከረ፤ ከሁለቱ አንዱ አንድ አገር ሙሉ ቡድን አቆመ። የአስተማሪ ነጥብም እንዲህ ነው፤ በራሱ ዘመን አይቆጠርለትም።

6. ወደ ክፍላችን ስንመለስ

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚተርፈው ነገር አንድ ነው። መወርወርን ለማስተማር ኳስና ቅርጫት ያስፈልጋል፤ መከላከልን ለማስተማር ግን ሁለት ልጆችና ትንሽ መሬት ይበቃል። አንዲት ኳስ ላለው ትምህርት ቤት ከዚህ የሚሻል ምን ዜና አለ?

እዚህ አካባቢ ያደገ ልጅ ደግሞ ትምህርቱን በከፊል ይዞት ይመጣል። በማሽላ ማሳ ዳር ከብት የጠበቀ ልጅ በሬው ወደ እህሉ ሲያዘነብል ጭራውን ተከትሎ አይሮጥም፤ በሬው አንዴ ከገባ ገባ ነው። ጎበዝ እረኛ ቀድሞ ዞሮ ከፊቱ ይቆማል፣ ሳይመታውም ወደ ዳር ይመልሰዋል። ቲቦዶ በቺካጎ ያስተማረው ከዚህ ብዙ አይለይም። መምህሩ «እንደ እረኛ ቁሙ» ቢል አብዛኛው ተማሪ ይገባዋል።

ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚከተለውን ዕቅድ እናቀርባለን።

ሀ) ማሟሟቂያ፣ 5 ደቂቃ። ቀላል ሩጫና ማፍታቻ። በቆላ ወረዳዎች የምንመደብ ከሆነ ክፍለ ጊዜው ጠዋት እንዲሆን እንጠይቅ፤ የመጠጥ ውኃም ይታሰብበት።

ለ) አቋቋም፣ 7 ደቂቃ። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፤ ጉልበት ይታጠፋል፤ ጀርባ ቀና፣ ራስም ቀና ይላል። ክብደት በእግር ፊተኛው ክፍል ላይ ያርፋል። ወደ ጎን ሲሄዱ እግር እየተንሸራተተ ይከተላል እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይጣመርም። ብዙ ልጆች የሚወድቁት እግራቸውን ሲያጣምሩ ነው።

ሐ) መስታወት፣ 8 ደቂቃ። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ ሌላው እንደ መስታወት ይከተላል። ሃያ ሰከንድ ሠርተው አርባ ሰከንድ ያርፋሉ፣ ይለዋወጣሉ። ዓይን የሚያርፈው በሌላው ወገብ ላይ ነው። ራስ ያታልላል፣ እጅ ያታልላል፤ ወገብ ግን አይዋሽም። በዚህ ዘዴ ስድሳው ተማሪ በአንድ ጊዜ ይሠራል።

መ) እረኛና በሬ፣ 10 ደቂቃ። በአመድ ወይም በኖራ ሦስት ሜትር ስፋት ያላቸው መስመሮች ይሰመሩ። አጥቂው ያለ ኳስ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለማለፍ ይሞክራል፤ ተከላካዩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በእግሩ ብቻ ወደ ጠርዝ ይመልሰዋል። እጁን ያጣመርነው ሆን ብለን ነው። ልጅ እጅ ካገኘ ይይዛል፤ ከያዘ ጥፋት ነው።

ሠ) ሦስት ለሦስት፣ 10 ደቂቃ። ኳሷ የምትወጣው አሁን ነው። በአንድ ቅርጫት ሥር ስድስት ልጆች አንድ ደቂቃ ይጫወታሉ፤ በአሥር ደቂቃ ስድሳውም ይዳረሳል። ቅያሪው ፈጣን እንዲሆን ተራ የያዙት አስቀድመው መስመር ላይ ይቁሙ። የቀሩት ወይ እረኛና በሬውን ይቀጥላሉ፣ ወይ መዝጋቢ ይሆናሉ።

መዝጋቢ ያልነው ለቀልድ አይደለም። እያንዳንዱ መዝጋቢ አንድ የክፍል ጓደኛውን ብቻ ይመለከትና በደብተሩ ላይ በአራት ዓምድ ጭረት ያኖራል።

አንደኛ፣ በአጥቂውና በቅርጫቱ መካከል ቆሟል?
ሁለተኛ፣ አጥቂውን ሳይነካ ወደ ጠርዝ መልሷል?
ሦስተኛ፣ ያለ ጥፋት ኳስ ነጥቋል ወይም አግዷል?
አራተኛ፣ ጓደኛው ሲታለፍ ደርሶለታል?

ውጤት ስንሰጥ ግማሹ ከማጥቃት፣ ግማሹ ከእነዚህ አራት ዓምዶች ይሁን። ከአራቱ መካከል የመጨረሻውን አብልጠን እናየዋለን፤ የራሱን ሰው ትቶ ለጓደኛው የደረሰ ልጅ የቡድን ጨዋታ ገብቶታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ትጉ ልጅ በእጃችን ሲገባ ሁልጊዜ እሱኑ ማሠራት ይቀናናል፤ ከባዱን አጥቂ ያዝ፣ አሁንም ያዝ እንለዋለን። የዴንግን ደቂቃዎች እናስታውስ። ትጉን ልጅ ማሳረፍም የማስተማር ክፍል ነው። ልጁ አንጓውን ወይም ጉልበቱን አመመኝ ካለ ጨዋታው ያበቃል፤ «ወንድ ልጅ ቻል አድርገው» የሚባል ነገር በእኛ ሜዳ መሰማት የለበትም።

ማጠቃለያ

ያቺን አምስት የተሰጣትን ልጅ ዛሬም እናስባታለን። ማንም «እንዲህ ቁሚ» ሳይላት በትክክለኛው ቦታ ቆማ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አትቆምም ይሆናል፤ ምክንያቱም ያልታየ ችሎታ ቀስ እያለ ይተዋል። ዴንግ ዕድለኛ ነበር፤ በልጅነቱ አንድ መካሪ፣ በጎልማሳነቱ ደግሞ የተቃራኒ ቡድን አሠልጣኞች አዩት። የእሷን የሚያይ ዓይን ከእኛ በቀር ማን አለ?

ስለሆነም በሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ለመምህራኖቻችንና ለባልደረቦቻችን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። የትምህርት ዕቅዳችንን ስንጽፍ የመከላከል ክፍለ ጊዜ ቢያንስ አንድ እናስገባ፤ ባለ አራት ዓምዱንም መዝገብ እንሞክር። የሠራውንም ያልሠራውንም በዚሁ ግድግዳ ላይ ጽፈን እንለጥፍ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ተቃራኒን መግፋትና መያዝ መከልከሉ ለአጭርና ለቀጭን ተማሪ ምን ዕድል ይሰጠዋል?
2. ማኑት ቦልና ሉኦል ዴንግ የተከላከሉት በተለያየ መንገድ ነው። ከሁለቱ መንገዶች በክፍል ውስጥ ሊሰጥ የሚችለው የትኛው ነው? ለምን?
3. በምታስተምሩት ሌላ የትምህርት ዓይነት፣ ለምሳሌ በአማርኛ ወይም በሒሳብ፣ ዓምድ ያላበጃችሁለት የተማሪ ችሎታ ምን አለ?
4. መዝጋቢ የሆነ ተማሪ ጓደኛውን ቢያዳላ መምህሩ እንዴት ያርመዋል?